በኢዚ የጨረሰ ጨርሷል ወይ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ጌም ቤት። ቤት ማለት ይከብዳል፤ አራት ቴሌቪዥን፣ ጥቂት በርጩማና አንድ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስቱ ቴሌቪዥን ላይ እንደተለመደው ኳስ ነው። አራተኛው ላይ ግን አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ዘ ላስት ኦፍ አስን ይጫወታል። ጓደኛው ከኋላው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ዝም ብሎ ቢጠብቅ ጥሩ ነበር።

«ቆይ፣ ኢዚ ላይ ነው እንዴ ያደረግከው?»

«አዎ። እኔ ታሪኩን ነው የምፈልገው።»

«ታሪኩማ እሱ አይደለም! ካነኑ ግራውንድድ ነው። ይሄ የፋራ ነው።»

ኢዚ የጌሙ ቀላሉ የክብደት ደረጃ፣ ሌቭል የምንለው፣ ነው፤ ግራውንድድ ደግሞ ከሁሉም ከባዱ። ክርክሩ ሲጋጋል ኳስ የሚጫወቱትም ጆይስቲካቸውን አስቀምጠው ገቡበት። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በር ላይ ሰዓት ይዘው ተቀምጠዋል። «ካነን ደግሞ ምንድነው? ካሜራ ነው?» አሉ። ልጆቹ እየተቀባበሉ አስረዷቸው። አልገባቸውም። እኔም ገብቼ ሞከርኩ፤ ይባስ አወሳሰብኩት። እንግዲህ ያን ቀን በወጉ ያልመለስኩላቸውን አሁን ልሞክር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። ካነን ማለት ቀኖና ነው። ሁለቱም የአንድ ግሪክኛ ቃል ልጆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን «መጻሕፍቱ ሰማንያ አንድ ናቸው» ስትል ቀኖና መሥራቷ ነው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ እኛ ጋ ከቁጥር ገብተዋል፤ በአብዛኛው ዓለም ደግሞ ከቁጥር ውጪ ናቸው። መጽሐፉ ያው ነው። የሚለያየው ቆጣሪው ነው።

ቃሉ ወደ ልብ ወለድ የተሻገረው በሸርሎክ ሆምስ ወዳጆች በኩል ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ፣ በኋላ ካህን የሆነ እንግሊዛዊ፣ በ1911 የሆምስን ታሪኮች ልክ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት በሚመረምሩበት ዘይቤ የሚመረምር ቀልድ አዘል ጽሑፍ አቀረበ። ቀልዱ ሥር ሰደደ። ዛሬ ካነን ሲባል «ደራሲው የተቀበለው፣ በእርግጥ የሆነው» ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተመልካቹ ከራሱ የጨመረው ነው። ጌመሮች ቲዎሪ ይሉታል፤ መላ ምት ነው፣ አንዳንዴም ምኞት ብቻ።

መጽሐፍ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። እኔም እናንተም ያነበብነው ገጽ አንድ ነው። ጌም ላይ ግን እኔ ያዳንኩትን ሰው እናንተ ጥላችሁት ልትሄዱ ትችላላችሁ። እኔ በሦስት ጥይት የጣልኩት ዞምቢ እናንተ ጋ አሥር ይበላል። ታዲያ «በእርግጥ የሆነው» የቱ ነው? ጥያቄው የሁሉም ጌም ነው፤ የሚከረው ግን ሰርቫይቫል በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ ጌሞች ውስጥ ዋናው ነገር ማሸነፍ አይደለም፤ አለመሞት ነው። ጥይት ይቆጠራል፣ ውሃ ይፈለጋል፣ ከብርድ ይሸሻል። እጦቱ ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ታዲያ እጦቱን በአንድ ቁልፍ መቀነስ ከተቻለ፣ ታሪኩስ አብሮ አልተቀነሰም?

ከቀላሉ ልጀምር። ብዙ ጊዜ ፍርዱን የሚሰጠው ተከታዩ ክፍል ነው። ሳይለንት ሂል በ1999 ሲወጣ አምስት መጨረሻ ነበረው። የጠፋች ልጁን ፍለጋ ወደ አንዲት ከተማ የገባው አባት ሃሪ በአንዱ መጨረሻ ሕፃን ልጅ ታቅፎ ከተማዋን ለቅቆ ይወጣል። በሌላው መኪናው ውስጥ ሞቶ ይታያል፤ ያየነው ሁሉ የሚሞት ሰው ቅዠት ይመስላል። በሌላው ደግሞ በራሪ ሳህን መጥቶ ይወስደዋል፤ ይሄኛው ቀልድ ነው። በ2003 ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሄዘር ያቺው ሃሪ ያሳደጋት ሕፃን ሆና ተገኘች። አለቀ። ሃሪ መኪና ውስጥ ሞቷል ብለው ለአራት ዓመት ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ፋይላቸው ተዘጋ።

ሜትሮ 2033 ላይ ደግሞ ነገሩ ገረም ይላል። ጌሙ በ2010 ወጣ፤ መነሻው የዲሚትሪ ግሉኮቭስኪ ልብ ወለድ ነው። ሰዎች በሞስኮ የምድር ባቡር ዋሻ ውስጥ ይኖራሉ። በመንገዳችሁ ላይ ለሰው ስትራሩ፣ ለለማኝ ስትሰጡ፣ ቆም ብላችሁ ወሬ ስታዳምጡ ጌሙ በድብቅ ነጥብ ይይዝላችኋል። ነጥባችሁ ከበቃ መጨረሻ ላይ ሚሳኤሉን ማስቆምና ጠላት የመሰሏችሁን ፍጥረቶች ማትረፍ ትችላላችሁ። «ጥሩው» መጨረሻ ይሄ ነው። በ2013 ቀጣዩ ክፍል ሲመጣ የቀጠለው ግን ከመጥፎው ነው፤ ሚሳኤሉ ተተኩሷል፣ ፍጥረቶቹ አልቀዋል። መጽሐፉም እንደዚያው ነው። ያን ሁሉ ለማኝ የመጸወተ ተጫዋች ተጨበጨበለት፣ ከዚያ «የአንተ አልሆነም» ተባለ። ሦስተኛው ክፍል በ2019 ሲመጣ ደግሞ የሁለተኛውን ጥሩ መጨረሻ ተቀበለ። ሕግ የለውም፤ ሠሪው የሚቀጥለውን ታሪክ ከየት መጀመር እንደሚመቸው ብቻ ነው የሚያየው።

እኔ ይህን ጣጣ መጀመሪያ ያወቅኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ዛሬ ፈርሷል። ያኔ አንድ ግቢ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ዋን ያላት ክፍል ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ የምንገባው እዚያ ነው። በ1996 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል፣ ዞምቢ ከሞላበት ትልቅ ቤት በሕይወት የመውጣት ጌም፣ እኛ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ የተላጠ ሲዲ ሆኖ ነው። ስንጀምር ይጠይቀናል፦ ክሪስ ወይስ ጂል? እኛ ወንዶቹ ክሪስን መረጥን። ተሳሳትን።

ምክንያቱም ያ ጥያቄ የሰው ምርጫ መስሎ የቀረበ የሌቭል ምርጫ ነው። ክሪስ ስድስት ዕቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ጂል ስምንት ትይዛለች። ጂል ቁልፍ መክፈቻ ስላላት ክሪስ ትንንሽ ቁልፍ እየለቀመ የሚከፍተውን በር እሷ በቀላሉ ትከፍተዋለች። ባሪ የሚባል ትልቅ ሽጉጥ የታጠቀ ጓደኛ በጭንቅ ጊዜ ይደርስላታል። ክሪስ ደግሞ ትንሽ የበለጠ ዱላ ይችላል፤ ግን ስድስት ቦታ ይዞ ዱላ መቻል ምን ይጠቅማል? ሽጉጥ አንድ፣ ጥይት ሁለት፣ ቅጠል ሦስት፣ ቁልፍ አራት፣ ሌላ ቁልፍ አምስት። በቃ፤ አንድ ቦታ ቀረች። ሴቭ ማድረግ ከፈለግክ የጽሕፈት መኪና ሪባን መያዝ አለብህ፣ እሱም ቦታ ይበላል፣ እሱም ያልቃል። ሴቭ ማድረግ እንኳ በራሽን ነው። (እኛ ጋ ሌላ ሌቭልም ነበረብን። የሜሞሪ ካርዷ ብሎክ አሥራ አምስት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ስመጣ ከእኔ ሴቭ ቦታ ላይ የማንም ያልሆነ የዊኒንግ ኢለቭን ሊግ ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ባውቅም አልረሳለትም።)

አሁን ታሪኩን እዩት። በክሪስ ከተጫወታችሁ ሬቤካ የምትባል ወጣት ሐኪም አለች፤ ባሪ የለም። በጂል ከተጫወታችሁ ባሪ አለ፤ ሬቤካ የለችም። የቱንም መርጣችሁ እንደ ጉድ ብትጫወቱ አራቱም አብረው በሕይወት የሚወጡበት መንገድ ጌሙ ውስጥ የለም። በኋላ በወጡት ክፍሎች ግን አራቱም አሉ። ባሪ በ2015 የወጣ ክፍል ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ መጥቷል፤ ሬቤካም በ2017 በአኒሜሽን ፊልም ላይ ትታያለች። ማለትም ካነኑ ማንም ሰው፣ በየትኛውም ሌቭል፣ ተጫውቶት የማያውቅ ታሪክ ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ለሳምንት ያህል ተታለልኩ ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም ሐቀኛው መልስ እሱ ነው።

ወደ ሌቭሉ እንምጣ። ኢዚ፣ ኖርማል፣ ሃርድ ስንል ምንድነው የሚቀየረው? አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው። ጠላት ስንት ጥይት ይችላል፣ አንድ ምት ስንት ደም ይቀንሳል፣ ሳጥን ውስጥ ስንት ጥይት ይገኛል። ታሪኩ አይነካም፤ ልክ አንዱን ወጥ በርበሬ እየጨመሩ ለአንዱ፣ እየቀነሱ ለሌላው እንደማቅረብ ነው። ድሮ ግን ሌቭል ታሪክ ይቆርጥ ነበር። ሴጋ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ የ1994ቱ ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 3 ከጃፓን ውጪ በተሸጠው ቅጂ ላይ፣ ኢዚ ከመረጣችሁ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ይቆማል። ቀሪውን ማየት የፈለገ ሌቭል ይጨምር ነው ነገሩ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ብዙም የለም።

አንዳንዴ ግን ሌቭሉ የሚቀይረው ቁጥር አይደለም፤ የዓለሙን ሕግ ነው። ማይንክራፍት ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁላችንም የምናውቀው የልጆች ጌም ነው ብለን የምንንቀው። ረሃብ ኢዚ ላይ ልባችሁን ግማሽ ያደርሰዋል እንጂ አይገድልም። ኖርማል ላይ ግማሽ ልብ ብቻ ያስቀርላችኋል፤ ግን አይገድልም። ሃርድ ላይ ይገድላል። እንግዲህ በአንድ ዓለም ሰው በረሃብ ይሞታል፣ በሌላው ዓለም አይሞትም። ሌላም አለ። ዞምቢ የመንደር ሰው ሲገድል ኢዚ ላይ ሰውየው ሞቶ ይቀራል። ኖርማል ላይ ከሁለት አንዱ ዞምቢ ሆኖ ይነሳል። ሃርድ ላይ ሁሉም ይነሳሉ። ታዲያ በዚያ ምድር ሰው በዞምቢ ሲሞት ምን ይሆናል? መልሱ «በየትኛው ሌቭል?» ነው። ወረርሽኙ የሚጋባ ይሁን አይሁን በተጫዋቹ ቁልፍ የሚወሰንበት ዓለም ላይ ተመራማሪ ሆኖ መኖር አያድርስ።

ዘ ሎንግ ዳርክ የተባለው የካናዳ ጌምም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ይወድቃል፣ መብራት በሙሉ ይጠፋል፣ በረዶ ውስጥ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ቀላሉ ሞድ ፒልግሪም ይባላል፤ ተሳላሚ እንደ ማለት ነው። እዚያ ተኩላ ሲያያችሁ ይሸሻል። ኢንተርሎፐር የሚባለው፣ ሳይጠራ የገባ እንግዳ እንደ ማለት፣ ሌላ ነው። ተኩላው ይመጣባችኋል፤ ካርታውን ጥግ እስከ ጥግ ብታስሱ ጠመንጃ የሚባል አታገኙም። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሌቭሉ «ተኩላ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?» የሚለውን ነው የሚመልሰው። ታሪኩ ለብቻው በተሠራበት ሞድ ላይ ተኩላ ሰው ያጠቃል። ስለዚህ የተሳላሚው ዓለም ከታሪኩ ጋር ይጣላል፤ ጠመንጃ የሌለበት ዓለምም፣ በታሪኩ ውስጥ ጠመንጃ ስላለ፣ ይጣላል። እኔን የገረመኝ ሁለቱም ጫፎች ከታሪኩ እኩል መራቃቸው ነው።

አሁን አራት ኪሎ ወደነበረው ክርክር። «ሃርዱ ነው ካነኑ» የሚለው ቲዎሪ ከሁሉም የታወቀው ነው። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል። ዘ ላስት ኦፍ አስ በ2013 ሲወጣ የሚነግረን ዓለም ያለቀለት ዓለም ነው። ወረርሽኙ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆል ሁለት ጥይት ለማግኘት መሳቢያ ይፈትሻል። ኢዚ ላይ ግን መሳቢያው ሞልቶ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ኪሳችሁ ሞልቶ የማትወስዱት ሁሉ ይኖራል። «እጦት ነው» ይላል በጌሙ መሃል የሚገባው ፊልም፣ «የለም፣ ጥጋብ ነው» ይላል ጨዋታው። በ2014 የመጣው ግራውንድድ ይህን አስታረቀ ነው የሚሉት። ስክሪኑ ላይ የጤናችሁ መጠን አይታይም። ጥይታችሁ ስንት እንደቀረ አይነገራችሁም፤ ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ። ግድግዳ ተሻግሮ ጠላት የሚሰማበት ችሎታ ተነስቷል። ትንሽ ተመታችሁ፣ ሞታችሁ። ፊልሙና ጨዋታው አንድ ቋንቋ ተናገሩ፤ ስለዚህ ካነኑ እሱ ነው።

ጠንካራ ክርክር ነው፤ አልክድም። ታሪኩ አንድ እያለ ጨዋታው ሌላ ሲል የሚፈጠረውን መጣላት ክሊንት ሆኪንግ የተባለ የጌም ዲዛይነር በ2007 ባዮሾክ የተባለውን ጌም ሲተች ስም አውጥቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ ተቺው ሁሉ ይጠቀምበታል። የግራውንድድ ወገኖች የሚሉት ያንን ነው፣ ስሙን ባያውቁትም።

ግን ሁለት ነገር ይረብሸኛል።

አንደኛው፣ ሃርድ ሁልጊዜ ከባድ ማለት አይደለም። ሜትሮ ላይ ሬንጀር የሚባል ሞድ አለ። እዚያ አንድ ሁለት ምት እናንተን ይገድላል፤ ጠላትንም እንዲሁ። ኖርማል ላይ አንድን ሰው ለመጣል ብዙ ጥይት ትጨርሳላችሁ። በዚያ ጌም ውስጥ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የተሠራው ምርጥ ጥይት ገንዘብም ነው፤ በእሱ ተኮሳችሁ ማለት ብር ተኮሳችሁ ማለት ነው። ሬንጀር ላይ አነጣጥሮ ለሚተኩስ ሰው ነገሩ እንደውም ይቀልለዋል የሚሉ አሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ግማሽ እውነት አላቸው። ታዲያ «ከባዱ ነው ካነኑ» ሲባል የቱ ከባድ? ደግሞ ያ ሞድ በ2013ቱ ክፍል ላይ ቀድመው ላዘዙ በነጻ፣ ለሌላው በተጨማሪ ክፍያ ነበር የተሰጠው። እውነተኛው ታሪክ ሬንጀር ነው የምትሉ ከሆነ እውነቱ ለብቻው ተሸጧል ማለት ነው። ተጫዋቹ ያኔ በደንብ ነው ያጉረመረመው።

ሁለተኛው ይብሳል። ያ ከኋላ ቆሞ «ካነኑ ግራውንድድ ነው» ያለው ልጅ ስንት ጊዜ ሞቶ ጨረሰው? ጠየቅኩት። ሳቀ። «ቆጥሬው አላውቅም፤ አንዷ ክፍል ላይ ብቻ ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ጆል ግን በታሪኩ ውስጥ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዴም አልሞተም። ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ የልጁ ጨዋታ ሃያ የሞተ ጆልና አንድ የወጣ ጆል ነው። ኢዚ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው በአንዴ ገብቶ ወጣ። በዚህ ሚዛን ለታሪኩ የቀረበው ማን ነው? ኢዚው ነው! ይህን ስናገር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የግራውንድዱ ልጅ ግን አልሳቀም። ትንሽ አስቦ «እሱማ ሴቭ ሲጫን ያልሆነ ይሆናል» አለ። ልክ ነው፤ ሁላችንም የምንስማማበት ስውር ውል እሱ ነው። የሞትነው አይቆጠርም።

ይህን ውል የሚያፈርሱ ሞዶች አሉ። በ2018 የወጣው ሰብናውቲካ ባሕር በሞላው ፕላኔት ላይ የወደቀ ሰው ታሪክ ነው። አራት ሞድ አለው። አንዱ እንደልባችሁ የምትሠሩበት ነው። አንዱ ረሃብና ጥም የሌለበት። አንዱ ረሃቡም ጥሙም ያለበት። አራተኛው ሃርድኮር ነው፤ ከሞታችሁ ሴቩ ራሱ ይጠፋል። ሃርድኮር ላይ የጨረሰ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ ገጸ ባሕርዩም ሞቶ አያውቅም። ሁለቱ ታሪክ አንድ ሆነ። እውነተኛ ካነን ካለ ይሄ ነው ለማለት ይቃጣኛል። ያም ሆኖ በየትኛውም ሞድ ያን ሁሉ መከራ አልፋችሁ ከፕላኔቱ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ አንድ ነው፦ ድርጅታችሁ ለተጠቀማችሁበት ሀብት አንድ ትሪሊዮን ክሬዲት ዕዳ አለባችሁ ይላችኋል። ዕዳ ላይ ኢዚ የለም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በእኛ ቋንቋ ቀኖና ሁለተኛ ትርጉም አለው። የንስሐ አባት «ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም» ብለው የሚሰጡትም ቀኖና ነው። የሃርድ ወገኖች ካነን ሲሉ ሳያውቁት የሚናገሩት ስለዚች ሁለተኛዋ ይመስለኛል። «ተሰቃይቼበታለሁ፣ ስለዚህ የእኔ እውነተኛ ነው» ነው ነገሩ። ስሜቱን አልንቅም፤ ስድስት ቦታ ይዤ ያን ቤት የጨረስኩት እኔም ነኝ። ግን ስለ ተጫዋቹ ነው የሚያወራው፣ ስለ ታሪኩ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ወደምወደው። ሳይለንት ሂል 2፣ 2001። ጄምስ የሚባል ሰው የሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ደርሶት እሷን ፍለጋ ወደዚያች ጭጋጋም ከተማ ይመጣል። ጌሙ ገና ሲጀምር ሌቭል ሁለት ጊዜ ይጠይቃችኋል፤ አንዴ ለጠብ፣ አንዴ ለእንቆቅልሽ። ጠቡን ኢዚ አድርጋችሁ እንቆቅልሹን ሃርድ ማድረግ ትችላላችሁ። የእንቆቅልሹ ሌቭል ሲቀየር የሚጻፉት ግጥሞችም ይቀየራሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ከባድ የሚባል ነገር አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

መጨረሻውን የሚመርጠው ግን ሌቭሉ አይደለም። «ይህን በር ወይስ ያንን» ብሎ የሚጠይቃችሁም የለም። ጌሙ ዝም ብሎ ያያችኋል። የሚስትየውን ፎቶና ደብዳቤ ደጋግማችሁ ከኪስ አውጥታችሁ ካያችሁ ይመዘግባል። ስትቆስሉ ወዲያው ከታከማችሁ ይመዘግባል። ቆስላችሁ፣ መድኃኒቱ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ፣ ደማችሁ እየፈሰሰ ዝም ብላችሁ ከዞራችሁም ይመዘግባል። አንጄላ የምትባል መኖር ያስጠላት ሴት ቢላዋዋን ትሰጣችኋለች፤ እሱን ቢላዋ አውጥታችሁ ትክ ብላችሁ ካያችሁት ይህም ይያዛል። ራሱን የማያክም፣ ቢላዋ የሚያይ ጄምስ መጨረሻው ውሃ ውስጥ ነው። ራሱን የሚያክም ጄምስ ከተማዋን ለቅቆ ይወጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ቲዎሪ ልጨምር። ሃርድ ላይ መድኃኒት ውድ ነው። እኔ እንደማንኛውም ቆጣቢ ሰው፣ ለቦስ፣ ለትልቁ ጠላት፣ ላስቀምጠው ብዬ ግማሽ ደም ይዤ ሰዓታት እዞራለሁ። ይህ ብልሃት ነው፤ ሞት መመኘት አይደለም። ጌሙ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ቁጠባዬን ተስፋ መቁረጥ ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ሃርድ የሚጫወት ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ወደ ውሃው መጨረሻ ይገፋል። ካነኑ ውሃው ነው የሚሉ ሰዎች በርካቶች ናቸው፤ ማስረጃቸውም በ2004 የወጣው አራተኛው ክፍል ላይ የሕንፃ ጠባቂ የሆነው የጄምስ አባት ልጁና ምራቱ እዚያች ከተማ ጠፍተው መቅረታቸው መጠቀሱ ነው። «ጠፋ» ማለት «ሞተ» ነው? ለቅቆ ወጥቶ ወደ አባቱ ያልተመለሰ ሰው የለም? ሠሪዎቹ አንዱን መርጠው ሌላውን አልሰረዙም። በ2024 ጌሙ እንደ አዲስ ሲሠራም አንዱን ያጸድቃሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሁለት ሌላ መጨረሻ ጨመሩበት። (ያ ሁሉ በአንድ ውሻ የሚመራ መሆኑ የሚገለጥበት መጨረሻም አለ። ቀልድ ነው። ካነን ነው የሚል ጓደኛ አለኝ፤ በሙሉ ልቡ ነው።)

እኛ ለዚህ ዓይነት ነገር ቃል አለን። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ይይዙና አንድ ትርጉም ይሰጡታል፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ያመጣሉ፤ «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ሁለተኛው መጣ ተብሎ የመጀመሪያው አይባረርም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይኖራሉ። ጄምስ ውሃ ገባ፤ አንድም፣ ከተማዋን ለቀቀ። ተኩላው ሸሸ፤ አንድም፣ መጣበት። ባሪ ነበረ፤ አንድም፣ ሬቤካ ነበረች። የመጽሐፉ ቁጥር ሰማንያ አንድ ነው ብሎ የሚቆጥረው ቀኖና ነው፤ ትርጓሜው ግን አንድም እያለ ይቀጥላል። ልጆቹ የተጣሉት በቆጠራው ሥራ ትርጓሜውን ሊሠሩ ሲሞክሩ ነው ብል ለጋሼ ይገባቸው ነበር። ቃሉ የመጣልኝ ግን ማታ፣ ታክሲ ውስጥ ነው።

ያን ቀን የሆነው ሌላ ነው። ኢዚው ልጅ ሰዓቱ አለቀና ተነሳ። ግራውንድዱ ተቀመጠ፣ የራሱን ሴቭ ጫነና ጸጥ አለ። ሁላችንም ከኋላው ቆመን እናያለን። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ጠላት አለ፤ ሁለት ጥይት አለው፤ ቆጥሯል። አንዱን በድንጋይ አታለለ። ሁለተኛውን ከኋላ አንቆ ጣለው። ሦስተኛው ዞር ሲል ልጁ ትንፋሹን ያዘ፣ እኛም ያዝን፤ ተኩሶ ጣለው። በሩ ጋ ደረሰ። እጁ ላይ ያለው ቁልፍ ሊጫን ሲል መብራት ሄደ።

ማንም አልተናገረም። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል በስልክ መብራት ተቀመጥን። መብራቱ ሲመጣ ልጁ ከፍቶ ጫነው፤ ክፍሉ መግቢያ ላይ ነው፣ ሦስቱም ጠላቶች ቆመዋል፣ ሁለት ጥይት አለው።

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ።

«በቃ ኢዚ አድርገውና ቶሎ ጨርስ» አሉት። «ሰው እየጠበቀ ነው።»